ሞቆ ስለተመለሰልኝ ሞደም

ለስልክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት
ከስልክ መስመር ጋር ለሚገናኙ መሣሪያዎች ፈቃድ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከዚያ ከሚሽከረከረው ወንበር ጋር እንደተስማማ፣ ዓይንዎ በየቀኑ ከሚፈርሙት ወረቀት ብዛት እንዳልደከመ፣ እጅዎም ከማኅተሙ ክብደት እንዳልዛለ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና ለማወቅ ከፈለጉ፣ ምስጋና ለመሥሪያ ቤትዎ ይግባና፣ እጅግ ደኅና ነኝ፤ ሊፍቱ የማይሠራውን ሕንፃዎን በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ስለወረድሁ ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ «የጎረምሳ ልብ ነው» ብሎኛል፤ ሥራ የሚባለውን ነገር ካቆምሁ ወዲህም ዓይኔ አርፏል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የደፈርሁት ክቡርነትዎን ለማስቸገር አይደለም። ከዚህ በፊት የጻፍኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ «ገቢ» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ከገቡ በኋላ የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው ስለታጣ፣ ፖስታ የሌለው ደብዳቤ ቢያንስ ሳይከፈት አይቀርም ብዬ ነው።

እኔ የመጻሕፍት አራሚ ነኝ። «ነበርሁ» ብሎ ለመጻፍ እጄ ገና አልታዘዘኝም። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት፣ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ በሚታይበት መስኮት ሥር፣ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ማተሚያ ቤቱ ክፍሉን ለወረቀት መጋዘንነት ፈለገውና አራሚዎች ከየቤታቸው እንዲሠሩ ወሰነ፤ ገጾቹ በስልክ መስመር በኩል ወደየቤታችን ኮምፒውተር ይላካሉ፣ እኛም አርመን በዚያው መንገድ እንመልሳለን፤ በሁለት ወር ውስጥ ቤቱን ከማተሚያ ቤቱ ጋር ያላገናኘ ሰው ግን «በራሱ ፈቃድ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል»። ኮምፒውተሩ ነበረኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ሲያረጅበት የሸጠልኝ ነው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። የጎደለኝ ሞደም ብቻ ነበር፤ ማለትም ኮምፒውተሩን ከስልኩ ጋር የሚያስታርቀው ትንሽ ሳጥን።

እንደ ማንኛውም ኪሱን እንደሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ያገኘሁት ከሕንፃዎ ሥር ባለው ሱቅ ነው፤ መስታወት ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ መብራት በርቶለት ነበር። ዋጋው የአራት ወር ደመወዜ ነው። ሻጩ «ጋሼ፣ ጥራት ዋጋ አለው» አለኝ፤ ዋጋውን አሳየኝ፣ ጥራቱን ግን ካርቶኑ ሳይገዛ ስለማይከፈት ለማየት አልታደልሁም። ሁለተኛውን ያሳየኝ የሠፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ብስኩት የሳሳ ነገር ሲሆን ዋጋው ለማመን እስኪያስቸግር ርካሽ ነበር፤ ጠጋኙ ግን ሊሸጥልኝ አውጥቶ ራሱ አስጣለኝ። «ይሄ የራሱ ጭንቅላት የለውም፣ የሚያስብለት ያንተ ኮምፒውተር ነው» አለኝ፤ «ያንተ ኮምፒውተር ደግሞ ለራሱም አላሰበ።»

ሦስተኛው የመዝገበ ቃላት ያህል ውፍረት ያለው፣ ግራጫ፣ ሌላ ሰው ተገልግሎበት የተወው ሳጥን ነበር። ፊቱ ላይ ካሉት አምስት ትንንሽ መብራቶች አንዷ ጠፍታለች፣ ፍጥነቱ የመስታወቱ ሙሽራ ግማሽ ነው፣ ዋጋው ግን የወር ደመወዜን ግማሽ አይሞላም። ጠጋኙ «የስልክ መስመራችን ራሱ ዕድሜውን የጨረሰ ነው፤ በተቦረቦረ መንገድ ላይ ፈጣን መኪና ምን ይፈይድልሃል? የሚደርሰው ቀስ የሚለው ነው» ሲለኝ ስለ ሞደሙ ይናገር ስለ እኔ አልለየሁትም። በሱቁ ስልክ ሞከርነው። (የሱቁን አድራሻ ከዚያ ወዲህ ረስቼዋለሁ።) ጮኸ፣ አንኮራፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተገናኘ፤ አንድ ገጽ በሦስት ደቂቃ ላከ፣ መስመሩም አልተበጠሰም። አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ጩኸቱን ሰምታ «ይሄ ነገር ሳያለቅስ አይሠራም?» ብላ ጠየቀች። ጠጋኙ «አይሠራም» አላት። «እንግዲያው ከቤታችን ሰው ጋር ይስማማል፣ ውሰደው» አለችኝ።

ወሰድሁት። ከሱቁ ሳልወጣ ገልብጬ ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም፣ አርሜ በጨረስሁት ገጽ ሁሉ ግርጌ የማሰፍራትን ምልክት፣ በክብ ውስጥ «ይለፍ» የምትለዋን ቃል ጻፍሁበት። ይህችን ምልክት ክቡርነትዎ በልቡናዎ ያኑሩልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው ቀን ከሦስቱ ባልደረቦቼ አንዱ የዚህኑ ሞደም መንታ ከዚያው ጠጋኝ ገዛ። እኛ «ነጠላ ሰረዝ» እንለዋለን፤ ወሬ ሲጀምር መሐል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል እንጂ አይጨርስም። እርሱ ቤቱ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሰካው። እኔ ግን ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ መተዳደሪያዬ ነውና፣ በስልክ ማውጫው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የሰፈረችውን አንቀጽ አሥራ አራትን አነበብሁ፤ «ማንኛውም ደንበኛ መሥሪያ ቤቱ መርምሮ ያልፈቀደውን መሣሪያ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት አይችልም» ትላለች። ነጠላ ሰረዝ «ዝም ብለህ ሰካው ወንድሜ፣ ማን ያይሃል፣ እኔ ሰካሁት አይደል፣ ምን ሆንሁ፣ ደግሞስ ቢያዩህ» እያለ ቀጠለ። ባለቤቴም «ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው እምቢታ ያማረው ሰው ነው» አለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ግድፈት በቀይ ሳሰምርበት ኖሬ የራሴን እንዴት ልለፈው? ሞደሜን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከነኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ወደ እርስዎ አመጣሁት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ዝርዝሩ። የተፈቀዱ ሞደሞች ዝርዝር በሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መገኘቱ ግልጽ አሠራር ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ከዝርዝሩ ፊት ቁም ሣጥን መቆሙም ደንበኛው በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ጎኑን ሰጥቶ፣ ሆዱን ስቦ እንዲያነብ ስለሚያስገድድ፣ የወፍራም ሰዎችን ጥያቄ በመቀነስ ረገድ የላቀ ድርሻ አለው። እኔ ቀጭን በመሆኔ አነበብሁት። አሥራ አንድ ዓይነት ሞደም ተዘርዝሯል። ጠጋኙ እንደነገረኝ ዘጠኙ መሠራታቸው ከቆመ ቆይቷል፤ አሥረኛው እኛ የሌለንን ዓይነት መስመር ይፈልጋል፤ አሥራ አንደኛው ከሕንፃዎ ሥር መስታወት ውስጥ የተቀመጠው ነው። ምርጫ ሲበዛ ሰው ይጨነቃል፤ ክቡርነትዎ ከዚህ ጭንቀት ስለገላገሉን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሱቁ ባለቤት የባለቤትዎ ወንድም ናቸው ብለው የሚያወሩትን ግን ከልቤ ቆጥቻቸዋለሁ፤ አማችና አማች ከአንድ ጣሪያ ሥር ተፋቅረው ሲሠሩ ማየት የሚያስቀና እንጂ የሚያሳማ አይደለም።

2ኛ/ ስለ ቅጹ። በአራት ቅጂ የሚሞላው ማመልከቻ መጀመሪያ የተዘጋጀው ትልልቅ ሆቴሎች የስልክ ማዞሪያ ሲያስገቡ ነውና፣ በሰባተኛው ተራ ላይ «በመሣሪያው የሚሠሩ ቴሌፎኒስቶች ብዛትና የተቀመጡበት ክፍል» ይላል። እኔ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። መስኮት ቁጥር አራት ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ «የለም ቁጥር አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ዜሮ ብዬ ጻፍሁ፤ «ያለ ሰው የሚሠራ መሣሪያ አንፈቅድም» ብለው ዳግመኛ መለሱልኝ። በሦስተኛው ቀን አዘኑልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ ለምን ባለቤትዎን አይጽፏትም?» አሉኝ። ልብስ ሰፊ መሆኗን ብነግራቸው «ትሁና፣ ቁጭ ማለት ትችላለች አይደል?» አሉ። ስለዚህ ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገብዎ ላይ የእኔ ቴሌፎኒስት ሆና ተመዝግባለች፤ ይህን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የዓመት ፈቃድ እንዳላት።

3ኛ/ ስለ ፈተናው። ይህ ምስጋና ለክቡርነትዎ ሳይሆን ከእርስዎ ሥር ለነበሩ አንድ አዛውንት ነው። በመፈተሻ ክፍሉ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጆሮ» ብሎ የሚጠራቸው ቴክኒሻን ሞደሜን ከመስመር ጋር አገናኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው አዳመጡት። ሲጨርሱ «ጤነኛ ነው» አሉ። «እንዲያውም ከታች ካለው ይሻላል፤ ያኛው በኛ መስመር ላይ ይንተባተባል።» ይህንኑ በወረቀት ጽፈው ፈረሙና «ነገ ና ውሰደው» አሉኝ። በማግሥቱ ስመጣ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። እኒያ አዛውንት ወደ ምሰሶ መጋዘን ተዛውረዋል አሉኝ፤ ምሰሶ እንጨት ነው፣ ምንም ቢያዳምጡት የሚነግራቸው የለም። የጻፉትም ወረቀት አብሯቸው ተዛውሮ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ወረቀት የሚባል ነገር እንዳልነበረ በትሕትና አስረዱኝ። ፈተናውን እንደ አዲስ የሚያካሂደው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው ተባለ፤ አንዱ አባል ፈቃድ ላይ ነበሩ፣ እርሳቸው ሲመለሱ ሌላው ሥልጠና ገቡ፣ ሰብሳቢው ክቡርነትዎ ስለሆኑ ደግሞ ሥራ በዝቶብዎ ነበር። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እየወጣሁ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ ዕንቁላሉ ግን እግር ሳያወጣ ተበላሸ።

4ኛ/ ይህ ተራ ቁጥር ስለ ሱቁ ሌላ ሁለት አንቀጽ ነበረው። ቴሌፎኒስቴ አንብባ በጨርቅ መቀሷ ቆርጣ አውጥታዋለች፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ።

5ኛ/ ስለ ዕረፍቴ። የሁለት ወሩ ቀነ ገደብ ሲቃረብ ማተሚያ ቤቱን አንድ ሳምንት እንዲጨምርልኝ ለመንሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ «ሞደሙ በፈተና ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣና እታገስሃለሁ» አለኝ። ወደ እርስዎ ወጣሁ። ክፍልዎ ደብዳቤ የሚሰጠው ፈተናው ላለቀ መሣሪያ ብቻ እንደሆነ፣ ፈተናው ያላለቀ መሣሪያ ግን በፈተና ላይ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሰጠው እንደማይችል ተነገረኝ። አመክንዮው እንከን የለውም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ካረምሁት ጽሑፍ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶዬ የት ላይ እንደሚያርፍ ያጣሁበት ይህ ብቻ ነው። በዘጠነኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት በራሴ ፈቃድ ሥራዬን መልቀቄን የሚገልጽ ደብዳቤ ከማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ። «በራሱ ፈቃድ» ከሚለው ሥር አሰመርሁበት፤ ልማድ ነው።

የእኔን ገጾች አሁን የሚያርማቸው ነጠላ ሰረዝ ነው፤ በሞደሜ መንታ፣ በእርስዎ መስመር፣ ማንም ሳይፈትነው፣ እስከዛሬ አንድ ቀን ሳይቋረጥበት። እውነተኛ ስሙን ቢጠይቁኝ አላውቀውም። ባለፈው እሑድ ቤቴ መጣ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ አንድ ገጽ አወጣና «አንተ ብትሆን እዚህ ጋ ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ። ነገርሁት። ሌላም አወጣ። ስድስት ገጽ ነበር የያዘው። ሲወጣ በሩ ላይ «ይቅር በለኝ» አለ፤ ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እርሱ ያጠፋው የለምና። ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ «በነጻ ነው እንግዲህ የምትሠራው?» አለችኝ። መኪናዋን መልሳ አስነሳች።

6ኛ/ ስለ ካራሜላው። በአሥረኛው ሳምንት፣ ማለትም ሥራዬ ከቀረ በኋላ፣ «ከጀመርሁት ልጨርሰው» ብዬ ወደ መስኮት ቁጥር አራት ስሄድ ወይዘሮዋ ከወትሮው ፈካ ብለው አገኘኋቸው። «ዛሬ ኃላፊያችን ደስ ብሏቸዋል» አሉኝ። «ልጃቸው ሩቅ ነው የምትማረው፤ በየጠዋቱ በኮምፒውተር ይጻጻፋሉ። ይኸው ፈተናዋን ማለፏን ጻፈችላቸውና ካራሜላ አድለውናል።» ለእኔም አንድ ሰጡኝ። ሌሎች ሰዎች መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንተው ባዶ አፋቸውን ይመለሳሉ፤ እኔ ካራሜላ እየመጠጥሁ ደረጃውን ወረድሁ። ይጣፍጥ ነበር። ለልጅዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

7ኛ/ ስለ ርክክቡ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት ውጤቴን እንድወስድ ተጠራሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና አስቀመጡኝና ውሳኔውን ሰጡኝ፤ ሞደሜ «በአሥራ አንድ ሳምንት ተከታታይ ሙከራ ለአገልግሎት ብቁ ሆኖ ስላልተገኘ» ከመስመር ጋር እንዳይገናኝ ለዘለቄታው ተከልክሏል ይላል፤ ሰብሳቢ ሆነው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ጸሐፊዎ ወደ ውስጠኛው ቢሮ፣ ወደ እርስዎ ክፍል ገቡ፤ ከአፍታ በኋላ ሞደሜን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡና አቀበሉኝ።

ሞቃት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ አላውቅም። ነገር ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ሲጠብቅ የከረመ ሳጥን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል እንጂ እንደ ሕፃን ግንባር አይሞቅም። ገለበጥሁት። «ይለፍ» ያልሁባት ቀይ ምልክቴ ጠረጴዛ ላይ ከወዲያ ወዲህ ሲገፋ ከመክረሙ የተነሳ ግማሿ ተፍቃለች። መልሼ አቀናሁት፤ ጀርባው ላይ የሻይ ብርጭቆ ያተመው ክብ ነበር፣ ከእርስዎ ማኅተም በመጠን አይለይም። ቀና ስል ጸሐፊዎ በሩን ገርበብ አድርገው ትተውት ኖሮ ጠረጴዛዎ ታየኝ፤ ከኮምፒውተርዎ ጎን የስልክ ሽቦ ጫፉ ባዶውን ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። ያቺ አፌ ውስጥ የሟሟችው ካራሜላ በማን ጀርባ ተጭና እንደመጣች ያን ጊዜ ገባኝ። የልጅዎን ደብዳቤዎች በየጠዋቱ አንድ ሳያጎድል፣ አንድም ጊዜ ሳይንተባተብ ያመጣልዎ፣ እኔ ያንኑ ሰዓት ከታች ደረጃ ስወጣ፣ ለአገልግሎት ብቁ ያልሆነው የእኔ ሳጥን ነው።

ቁጣ ይጠብቁ ይሆናል። እውነቱን ልንገርዎት፤ ተነሳሁ፣ ሞደሜን ብብቴ ሥር አደረግሁ፣ ለጸሐፊዎም «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ጎንበስም ብያለሁ። ከሥራዬ መቅረት ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ባለቤቴ ስትሰማ «አመሰገንሃቸው?» ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እርሷም አላነሳችውም፣ እኔም እርሷ ፊት አላነሳሁትም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ አቤቱታ አይደለም። ሥራዬን አይመልሱልኝም፤ ቢፈልጉም አይችሉም፣ ክፍላችን አሁን እስከ ጣሪያው ወረቀት ተቆልሎበታል። ያን ዕለት ተሳስቶ ከአፌ ያመለጠ አንድ ምስጋና አለ፤ ስሕተትን ሳይታረም መተው አልለመድሁምና እርሱን ለማረም ነው የጻፍሁት። ከዚህ በላይ የሰፈሩትን ሰባት ነጥቦች የእርማቱ አካል አድርገው እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

ወንበርዎ ሳይሰበር፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ልጅዎም ከፈተና ወደ ፈተና እያለፈች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከሕንፃዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሆኜ በጎኔ እጅ እነሣለሁ።

በራሱ ፈቃድ ሥራውን የለቀቀ አራሚ

ግልባጭ፦
— ለምሰሶ መጋዘን፣ ለሚያዳምጡት አዛውንት
— ለመስኮት ቁጥር አራት፣ ከካራሜላ ምስጋና ጋር
— ለሬዲዮ ጠጋኙ፣ አድራሻው ለጠፋብኝ
— ለቴሌፎኒስቴ፣ እንድታውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሞደሜ የተመለሰልኝ ያለ ኤሌክትሪክ ገመዱ መሆኑን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያስተዋልሁት፤ ከጠረጴዛዎ ሥር፣ በግራ በኩል ካለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ እንደቀረ እገምታለሁ። እባክዎ አይድከሙ፣ አይላኩልኝ። እኔ ዘንድ ገመድ የሌለው ሞደም፣ እርስዎ ዘንድ ሞደም የሌለው ገመድ አለ፤ በዚህ ከተማ በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት በትክክል እየሠራን ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።